ለስልሳ ሊትር ባሕር የሚበቃ ብርሃን

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለእታለም፤

አንቺም፣ አባባም፣ የስፌት መኪናሽም እንዴት ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽው መልሱ ያው ነው፤ ያለሁበት ቦታ መስመሩ አይረባም፤ የሚናገረው ሰው ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል። በደብዳቤ እንግባባ። ደግሞም ስትጽፊ አትቆጪም፤ እሱም አንድ ነገር ነው።

የታችኛው ፎቅ የጥርስ ሐኪም ቤቱን ሲለቅ ስልሳ ሊትር የሚይዘውን የዓሣ ገንዳውን ለአባባ በመተዉ ደግ አደረገ። መብራቱ ደረጃ ላይ መሰበሩ ግን ምንም አያናድድሽ፤ ከነገርሽኝ እንደምረዳው አሮጌ ነበር። እኔ ስለዚህ ነገር ብዙም አላውቅ። እዚህ የባሕር እንስሳት ለሕዝብ በሚታዩበት ቤት የሚሠራ አንድ ጓደኛ ግን አለኝ፤ የመብራትና የፓምፕ ሰው ነው። የጻፍሽውን አነበብኩለት።

ዓሦቹ ለብርሃን ግድ የላቸውም አለኝ፤ በሻማም ይኖራሉ። ብርሃን የሚበሉት ኮራሎቹ ናቸው። ድንጋይ ይምሰሉ እንጂ እንስሳት ናቸው፤ ሥጋቸው ውስጥ ዓይን የማያያቸው አልጌዎች ይኖራሉ፤ ምግብ የሚያበስሉላቸው እነሱ ናቸው፤ ማገዶው ደግሞ ብርሃን ነው። ማገዶ ካነሰ ይራባሉ። ከበዛ ወጥ ቤቱ ይቃጠላል፤ አብሳዮቹ ጥለው ይወጣሉ፤ ኮራሉም ነጥቶ ይቀራል።

ባለሱቁ በዋት ሊሸጥልሽ ይሞክራል። ዋት መብራቱ ስንት እንደሚበላ እንጂ ስንት እንደሚያበላ አይናገርም። ኤልኢዲ ይሁን፤ ነጩና ሰማያዊው ለየብቻ የሚጨመርና የሚቀነስ። ለሁለቱም የየራሳቸው ማዞሪያ ከሌለው አትግዢው። ሰማያዊው ለኮራሉ ነው፣ ነጩ ለሰው ዓይን። ከውሃው በላይ ስንዝር ከአራት ጣት ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። መጀመሪያ ከመቶ ሠላሳ ላይ አድርጊው፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት እየጨመርሽ ስልሳ ሲደርስ አቁሚ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይበቃዋል፤ ከዚያ ይጥፋ፤ ባሕርም ይተኛል። የገመዱ ወገብ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ጨው ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ መሬት ላይ ይንጠብ እንጂ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

አባባ ስለ ሥራዬ ለጠየቁት፣ ደህና ነው በያቸው። ውሃው ያው ውሃ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 25 ቀን

ይድረስ ለማሙሽ፤

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶህም ማሙሽ ነህ፤ እንዳይከፋህ። እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። አባባም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናቸው።

በላክኸው ፖስት ካርድ ገንዳው ውስጥ ስንት ኮራል እንዳለ ጠይቀኸኛል። አምስት ናቸው። ሦስቱ ድንጋዩ ላይ እንደ ካፖርት ቁልፍ የተለጠፉ፣ አንዱ እንደ ሣር የሚወዛወዝ፣ አንዱ ደግሞ ጣቶቹን የዘረጋ የእጅ ጓንት የሚመስል። ይኸኛውን አባባ ይወዱታል፤ ስሙንም ጓንት ብለውታል። ገንዳውን አልጋቸው ትይዩ አስቀመጥነው። ጠዋት ወንበራቸውን ስበው ጉልበታቸው መስታወቱን እስኪነካ ይጠጋሉ፤ እኔ ወደ ሱቅ ስወርድ እዚያው፣ ለምሳ ስመለስ እዚያው። አርባ ዓመት የመርከብ ሆድ ሲፈትሹ የኖሩ ጠላቂ፣ ባሕር በሌለበት ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባሕር መጣላቸው። እማማ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲሆኑ አላየኋቸውም።

መብራቱን ገዛሁ። ባለሱቁ እንዳልከው በዋት ጀመረኝ። ስንት እንደሚያበላ ንገረኝ ስለው መጋረጃ ሰፊ መሆኔን ረስቶ «መሐንዲስ ነሽ?» አለኝ። ጓደኛህን አመስግንልኝ።

አባባ ግን ጨለማ ነው ይላሉ። በተለይ ነጩ ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻ ሲቀር፣ «ይሄ መብራት ነው ወይስ የመብራት ዘመድ?» አሉኝ። ለእኔ ደምቆ ይታየኛል። እሳቸው ግን የውሃ ሰው ናቸው፤ እኔ ከጨርቅ ሌላ ምን አውቃለሁ ብዬ ወደ አርባ አምስት ከፍ አደረግኩት። ጓደኛህን ጠይቅልኝ፤ ከዚህ በላይ ልጨምር?

እህትህ


ኅዳር 11 ቀን

ይድረስ ለእታለም፤

ስለ ሚስት ባትጠይቂኝም መልሱ እንደ አምናው ነው። ወደ መብራቱ እንሂድ።

ጓደኛዬ አንገራገረ። በጥልቀቱ ልክ፣ በሰቀልሽው ከፍታ፣ አርባ አምስት ለዚያ ገንዳ ገና በሁለተኛው ሳምንት ይበዛል እንጂ አያንስም አለ። እኔ ደግሞ አባቴን አታውቃቸውም አልኩት። ጭቃ ውሃ ውስጥ በመዳፋቸው ብሎን ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ጨለማ ነው ካሉ ጨለማ ነው። በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩ። እስከ ሰባ አድርሺው፣ ቀስ እያልሽ። የመብራቱን መስታወትም በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ የሚረጨው ውሃ ሲደርቅ ጨው ሆኖ ይጋርደዋል፤ ምናልባት አባባ ያዩት እሱን ይሆናል።

አባባ በስንት ሜትር ጥልቀት እየጠለቅኩ እንደምሠራ ከጠየቁሽ፣ አሥራ ሁለት በያቸው። ብርዱም ቀንሷል በያቸው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ሰባ ብለኸኝ ዘጠና አድርሼዋለሁ። አንድ ቀን አልነበረም፤ በየቀኑ «ትንሽ ጨምሪ፣ ምን ትቆጥቢያለሽ» ሲሉኝ በየቀኑ ትንሽ ጨመርኩ። ማታ የሚጠፋበትንም ጊዜ በሁለት ሰዓት ገፋሁት።

ትናንት ቁልፎቹ ተጨማድደው አገኘኋቸው፤ ቡናማ የነበሩት የታጠበ አቡጀዴ መስለዋል። ሣሩ ዳር ዳሩ ነጥቷል። ጓንቱ ጣቶቹን ሰብስቦ ከተቀመጠ ሳምንት ሆኖታል። ዓሦቹ ደህና ናቸው፤ እነሱ እንዳልከው ግድ የላቸውም። ጓደኛህን እንዳላስቀይምብህ ፈርቼ እንጂ ቀደም ብዬ እጽፍልህ ነበር። ምን ላድርግ? ቶሎ መልስልኝ።

አባባ ደህና ናቸው።

እህትህ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ይድረስ ለእታለም፤

ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ የሚያውቀውን ትቶ የፈለገውን የሰማ እኔ ነኝ። ጓደኛዬም አልተቀየመም።

አሁኑኑ ወደ አርባ መልሺው። ከመጋረጃ ቤት ነጭ ቱል አምጪ፤ ያን እንደ ወንፊት የሳሳውን። ሦስት ድርብ አድርገሽ ገንዳው አፍ ላይ ወጥሪው፤ መብራቱን ራሱን ግን አይንካ፣ ይግላል። በየአምስት ቀኑ አንድ አንዱን አንሺ። ዓይኑ በሕመም የደከመን ሰው ከጨለማ ክፍል ቀስ እያልሽ እንደምታወጪው ማለት ነው። የነጣ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ አብሳዮቹ ሊመለሱ ይችላሉ። ከዚህ ጋር በፖስታ ቤት አንድ ጥቅል ልኬያለሁ፤ በገመድ ወደ ውሃ የሚወርድ የብርሃን መለኪያ ነው። ኮራሎቹ ባሉበት አስጠግተሽ የሚያወጣውን ቁጥር ጻፊልኝ። ከሰማንያ እስከ መቶ ሃያ ቢሆን ይበቃቸዋል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ጓንቱ አባባ ፊት፣ ከጉልበታቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሲነጣ ምን አሉ? እሱ በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ከሱቅሽ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ውሰጂ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ። መስኮቱ አጠገብ አስቀምጪያቸውና የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠይቂያቸው። የሚሉትን እንዳለ ጻፊልኝ፤ አታሳምሪው።

ወንድምሽ


ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

መለኪያው ደረሰ። ጓንቱ በነበረበት ቦታ፣ መብራቱን ለሙከራ እንደቀድሞው ዘጠና ላይ አድርጌ ሳየው ሦስት መቶ አሥር አለ። አርባ ላይ፣ አንድ ድርብ ቱል እንደቀረ፣ መቶ አምስት ነው። ቁልፎቹ ጠርዛቸው ቡናማ መሆን ጀምሯል። ሣሩም ተርፏል።

ጓንቱ ግን ሞተ። ውሃውን ሳያበላሸው አባባ ገላቸውን ሲታጠቡ አወጣሁት። ሲመለሱ እንደልማዳቸው ተቀምጠው «ጓንቱ ዛሬስ እንዴት ነው?» አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ይጠይቁኛል፤ ደህና ነው እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ባዶውን ድንጋይ እያዩ «አድጓል» ይሉኛል።

ጨርቆቹን አሳየኋቸው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው አሉ። በዚያው ያሳየኋቸውን ነጭ ክር ደግሞ ቢጫ ነው አሉ። ከዚያ «ልጁ ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ደርሶበታል ማለት ነዋ» አሉ።

እንግዲህ ልናገር። ዓይናቸው መድከሙን ካየሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ሳህናቸውን ጠርዙን በጣት እየዳሰሱ ይበላሉ። ሰውን በእርምጃው ነው የሚለዩት። ደረጃ መውረድ ትተዋል፤ ጉልበቴ የሚሉህ እሱን ነው። የዓይን ሐኪሟ የዛሬ ዓመት አይታቸው ሞራ ነው፣ ይወጣል ብላ ነበር፤ የሰው እጅ ዓይኔ ውስጥ አይገባም ብለው ጥለው ወጡ። ለአንተ እንዳልነግርህ በእማማ አጽም አስማሉኝ። «ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ጠላቂ ከውሃ አንዴ ከወጣ አይመለስም» አሉ። እኔም ዋሸሁህ። አሁን ምን ብዬ ወደ ሐኪም እንደምወስዳቸው አላውቅም። ያንተን ቃል ይሰሙ ይሆናል።

እህትህ


ጥር 17 ቀን

ይድረስ ለእታለም፤

አልተቀየምኩም፤ የምቀየምበት አፍ የለኝም። ለምን እንደሆነ ከሥር ያለውን ስታነቢ ታውቂዋለሽ። ለአባባ የጻፍኩት ነው፤ ሳታሳጥሪ፣ ጮክ ብለሽ አንቢላቸው።

*ለአባቴ። ጤና ይስጥልኝ።*

*እህቴ ዓይንዎን ነገረችኝ። መሐላዋን ያፈረሰችው እኔ ስላስጨነቅኳት ነው፤ እሷን አይቆጧት።*

*ሰማያዊው ጨለማ የሆነብዎ መብራቱ አንሶ አይደለም። የዓይን ሞራ ሲወፍር ቢጫ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚሰርቀው ሰማያዊውን ነው። ይህን ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ለእህቴ ስለ መብራት የሚነግረኝ ጓደኛ አለኝ ብዬ ስጽፍ ነበር። ጓደኛ የለም። እኔ ነኝ።*

*ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ ውስጥ ከገባሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አንድ ቀን ጭነት ማራገፊያው አጠገብ ቶሎ ወረድኩ፤ ግራ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አለ። ስወጣ ዓለም ዞረብኝ። ለድርጅቱ ሐኪም ብናገር ከሥራ ያግደኛል ብዬ አራት ወር ደበቅኩ፤ እያዞረኝ፣ እያመመኝ እወርድ ነበር። በመጨረሻ ሲያዩኝ ግራው ጨርሶ ሞቷል፣ ቀኙም ግማሽ ቀርቶታል። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ልንገርዎ፦ «በመጀመሪያው ሳምንት ብትመጣ ይድን ነበር።» ይህችን ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይናገራት በየቀኑ እሰማታለሁ።*

*ስልክ የማላነሳው ስለማልሰማ ነው። አሥራ ሁለት ሜትር ያልኩዎት ውሸት ነው። አሁን የምሠራው የባሕር እንስሳት ማሳያ ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ነው፤ መብራት እሰቅላለሁ፣ እለካለሁ፣ እጠርጋለሁ። ያልነገርኩዎት አፍሬ ነው። የጠላቂ ልጅ ጠላቂ ነው ሲሉ ሰምቼ ስላደግኩ።*

*የኔ ጆሮ አይመለስም። የእርስዎ ሞራ ግን ይወጣል። ይኼን ያህል ነው የምለው።*

*ልጅዎ*


የካቲት 21 ቀን

ይድረስ ለማሙሽ፤

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ እጄ ሥራ አልፈታም።

አነበብኩላቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ጓደኛ የለም» የሚለውን ድገሚልኝ አሉ፤ ደገምኩላቸው። ከዚያ «የትኛው ጆሮው ነው ያልሽኝ?» አሉ። ግራው አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ ምሳም አልበሉም። እኔም አብሬህ የማለቅሰው አንድ ሌላ ቀን ይሁን ብዬ ወደ ሱቅ ወረድኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ቁልፉን አዛንፈው ቆልፈው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ያቺ ሐኪም ሴትዮ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍተው?» አሉ።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ነበር ብትለኝ፣ ከምሳ በፊት ገብተው ከምሳ በፊት ወጡ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ያሳለፍኩት ይብሳል። ቀኝ ዓይናቸው ነው፤ ግራው ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። በማግስቱ ሐኪሟ ፋሻውን ስታነሳላቸው ትክ ብለው አዩኝና «አርጅተሻል» አሉኝ። ሐኪሟ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

ቤት ስንገባ ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዱ። መብራቱ አርባ ላይ ነው፣ አልነካሁትም። «ይህን ሁሉ ሰማያዊ ማን ጨመረው?» አሉ። ማንም አልኳቸው። ከዚያ የፈራሁት መጣ፤ ጓንቱ የት አለ አሉኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የለም ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባዶ ድንጋይ ሲያዩ ደህና ነው እያልኩ እንደዋሸኋቸውም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ጨምሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ቀጥለውም ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪልኝ አሉ። ይኸው ዛሬ ድረስ ይጽፋሉ፤ ይቀድዳሉ፤ አያሳዩኝም። «ስጨርስ ራሴ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ» ብለዋል።

ስለ ጆሮህ በዚህ ደብዳቤ አልጽፍም። በክረምቱ መጥቼ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ነው የምቆጣህ፤ ያኔ ከንፈሬን ታያለህ።

እህትህ


መጋቢት 4 ቀን

ለልጄ፤

እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይን ነውና መስመሩ ቢጣመም እለፈው።

ደብዳቤህን እህትህ ካነበበችልኝ በኋላ ሦስት ቀን ተቆጥቻለሁ። ጆሮህን ስለደበቅክ አልነበረም። ዓይኑን የደበቀ ሰው በዚያ አይቆጣም። ከሐኪሙ ይልቅ እኔን ፈርተህ መደበቅህ ነው የቆረቆረኝ። እኔ ልጅ ሳለህ ስለ ውሃ ብዙ አውርቼልህ ይሆናል። ስለ መውጣት አላወራሁልህም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደረጃውን ወረድኩ፤ ስልሳ ስምንት ነው፣ ቆጠርኩት። ከበሩ ፊት ባለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ልጄ በአሥራ ሁለት ሜትር ይሠራል እያልኩ በመስኮት እነግራቸው ነበር። አሁን አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ውሸት ነው፣ ልጄ ከውሃ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ የመብራት ሰው ነው አልኳቸው። አንዱ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ «እሱም ሥራ ነው» አለኝ። አንተ ውሃ ውስጥ መብራት ጠፍቶብህ አያውቅም አልኩት።

ይህን ልነግርህ ብዬ ነው አራት ወረቀት ያበላሸሁት።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱን ለእህትህ ሳይሆን ለእኔ ጻፍልኝ። ሰማያዊው አርባ ላይ ነው፣ ነጩ ሃያ አምስት። በመለኪያው ራሴ አየሁት፤ በመሐል መቶ ስምንት፣ በግራ ጥግ ስልሳ ሁለት ይላል። ቁልፎቹ ሦስቱም ተከፍተዋል። ሣሩ ግን በዚያ ግራ ጥግ ነው ያለው፤ አንገቱን ወደ መሐል አስግጎ ይውላል። መብራቱን ወደ ግራ ልሳበው፣ ወይስ ሣሩን ከነድንጋዩ ወደ መሐል ላምጣው? እህትህ ሳበው ትላለች፤ እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው፤ ግን አልናገርም።

እስክትጽፍልኝ ድረስ ምንም አልነካም።

አባትህ